ብልቃጥና ተሰረቀ የተባለው ብርሃን

በሰፈራችን የሚወራው እንዲህ ነው። ብልቃጥ ላቦራቶሪ ውስጥ ብርሃን አበቀለች፤ አለቃዋ ሰረቃት፤ ብርሃኑን በሻንጣ ይዞ ባሕር ማዶ ሸጠው፤ እሷም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ማነጋገር ተወች። አንዳንዱ ጨመር ያደርግና፣ አለቃዋ ባገኘው ገንዘብ ባለ ፎቅ ቤት ሠራ ይላል። ዳቦ ቤት ተሰልፌ የሰማሁት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ሻንጣውን የከፈተው ፈታሽ ዓይኑ እዚያው ጠፋ አሉ።

እስቲ ልክ ልኩን እናስይዘው። ሻንጣ የሚባል ነገር አልነበረም። የጠፋ ዓይንም የለም። አለቃዋ ፎቅ አልሠራም፤ ዛሬም ተከራይ ነው፣ ያውም አከራዩ የሚቆጣው። ብልቃጥም አፏ አልተዘጋም፤ እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ስታወራ ነው የምትውለው። ሥራዋ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የላቦራቶሪ ዕቃ እንዴት እንደሚታጠብ ማስተማር ነው። ከሁሉ ሥራ ይህ ለሷ መሰጠቱ ለምን እንደሚያስቅና ለምን እንደማያስቅ ቆይቶ ይገባችኋል።

ብልቃጥ ስሟ አይደለም። ያወጡላት የታክሲ ተሳፋሪዎች ናቸው። በፎጣ የጠቀለለችውን የመስታወት ዕቃ በዘንቢል ይዛ ከቤት ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ቤት ትመላለስ ነበር። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዘንቢሉን ደረቷ ላይ ልጥፍ ታደርገዋለች። አጠገቧ ሊቀመጥ የመጣውን ሁሉ፣ “ቀስ ይበሉ፣ ብልቃጥ አለ” ትላለች። ሲውል ሲያድር ሹፌሩ ራሱ ገና ከሩቅ ሲያያት፣ “ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ብልቃጥ መጣች” ማለት ጀመረ። በዚያው ቀረ።

ዕቃው የሚመላለሰው የላቦራቶሪዋ መታጠቢያ ገንዳ ስለተደፈነ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ እንዲላክ ተጠየቀ። ተላከ። መጥቶ አየና፣ “ተደፍኗል” ብሎ አረጋግጦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብልቃጥ ዕቃዋን ቤት ማጠብ ጀመረች፤ ቤት ደግሞ እትዬ አሉ።

እትዬ ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። ለሷ እትዬ ስለሆኑ ለሁላችንም እትዬ ሆኑ። ሙያቸው የሰው ልብስ ማጠብ ነው፤ ያውም ነጭ ብቻ። የሐኪም ጋውን፣ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ፣ የአስተናጋጅ ሸሚዝ። ባለቀለም ልብስ ይዞ የመጣ ሰው፣ “ይሄማ ራስህ እጠበው፣ እድፉም አይታይ” ተብሎ ይመለሳል። እሳቸው ያጠቡት አንሶላ ገመድ ላይ ሲሰጣ መንገደኛ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነው የሚያልፈው። ብልቃጥ ከፊደል እስከ ሁለተኛ ዲግሪዋ የተማረችው በዚያ አንሶላ ነው። ይህንን እትዬ ሲናገሩት አልሰማሁም፤ ግን እጃቸውን ላየ ሰው መናገር አያስፈልጋቸውም፤ የጣታቸው ቆዳ በሳሙና ተልጦ ተልጦ አሻራ የሚባል ነገር አልተረፈበትም።

ብልቃጥ ሥራዋን ለቤተሰቡ ለማስረዳት ያልሞከረችው ነገር የለም።

“የዚንክ ጨው ውሃ ውስጥ አሟሟለሁ” ትላለች። “ሌላ ኬሚካል እጨምርበታለሁ። ጠፍጣፋ መስታወት ውስጡ አንጠለጥልና ለብ አደርገዋለሁ። ቀስ እያለ መስታወቱ ላይ ስስ ልባስ ይበቅላል።”

“እንደ ማንቆርቆሪያችን በይው” አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ፍራሽ ሰፊው። “እሱም ውስጡ ነጭ ቅርፊት አብቅሏል።”

“ልክ እንደሱ። ልዩነቱ የኔው እንዲያበራ ነው የምፈልገው።”

“የኛውንስ ሞክረሽዋል?”

እንዲህ እያለ ያበሽቃታል። ግን ነገሩ የሚናቅ አልነበረም። ይህ ልባስ ሰሚኮንዳክተር የሚባል ዘር ነው፤ ኤሌክትሪክን ሲሻው የሚያሳልፍ፣ ሲሻው የሚከለክል፣ ባጭሩ የቢሮ ዘበኛ ጠባይ ያለው ነገር። የኪሳችን ስልክ የሚያበራው በዚህ ዘር ነው። ፋብሪካዎቹ የሚሠሩት ቤት በሚያህል ማሽን፣ አየር ተመጥጦ በወጣበት ዕቃ፣ በእሳት ሙቀት ነው። የብልቃጥ ምኞት ያንኑ ሻይ በማያፈላ ለብታ፣ ቢከር በሚሉት የመስታወት ኩባያ፣ ውሃ ውስጥ ማብቀል ነበር። መስታወቱ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይንጠለጠላል። ወደ ላይ ካደረገ ከውሃው የሚዘቅጠው ዱቄት ይከመርበትና ወፍራም ልባስ ይመስላል፤ ጣት ሲነካው ግን ይረግፋል። “እንደ አንዳንድ ኃላፊ” ትላለች።

የበቀለውን ልባስ ጨለማ ውስጥ አስገብታ፣ ባንክ ቤት ሐሰተኛ ኖት በሚለዩበት ዓይነት ሐምራዊ መብራት ሥር ታስቀምጠዋለች። ደህና ልባስ ያንን መብራት ተቀብሎ የራሱን ብርሃን መልሶ ይሰጣል። የሷም ይሰጥ ነበር፤ አይሰጥም አይባልም። የሚሰጠው ግን አመድ የለበሰ ፍም የመሰለ፣ ብርቱካናማ ነገር ነው። ቃል የተገባው ሰማያዊ ነበር።

ቃሉን የገባው ኃላፊዋ ነው፤ ያ በወሬው ሌባ የተባለው አለቃ። ይህ ሰውዬ ከመናገሩ በፊት “እህም” ይላል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ እህም ያለበትን ነገር ግማሹን ቀንሶ መስማት የተለመደ ነው። አንድ ቀን መጥቶ በሯ ላይ ቆመ።

“እህም። ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። የሚታይ ነገር የሌለበት ክፍል ይዘጋል ተብሏል።”

“የሚታይ ነገርማ አለኝ።”

“ያ ብርቱካናማው?”

“አዎ።”

“እሱን ለማየት ድመት መሆን ይጠይቃል። ሰማያዊ አምጪ። አለዚያ ኮሪደር ላይ ያሉት የተሰበሩ ወንበሮች ማረፊያ አጥተዋል፤ ያንቺ ክፍል ደግሞ ልካቸው ነው።”

ያቺ ክፍል ምን እንደሆነች ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚተነፍሰው። መስኮቷን ብርሃን እንዳያስገባ ብልቃጥ በገዛ እጇ ጥቁር ቀለም ቀብታዋለች። አንድ ማሞቂያ፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ በርጩማ። ስንት ደጅ ጠንታ ያገኘቻት ናት። ሌላው ሠራተኛ ቢሮውን በፎቶና በአበባ ሲያስጌጥ፣ እሷ ጨለማዋን ነበር የምታሳምረው። ያላገባችው በዚያች ክፍል ምክንያት ነው የሚሉም አሉ፤ ይህንን አላጣራሁም። ክፍሏ ከተወሰደች ግን ሌላ እንደማይሰጧት ሁሉም ያውቃል። ክፍል የሌለው ተመራማሪ ደግሞ ሱቅ እንደሌለው ባለሱቅ ነው፤ ቆሞ ስለ ዕቃው ያወራል እንጂ።

በዚያን ሰሞን ራት አልበላ አላት። እትዬ ሳህኑን ወደሷ እየገፉ፣ “ለምንድን ነው የማይበራልሽ?” አሏት።

“መስታወቱ በደንብ አይጠራልኝም መሰለኝ። ትንሽ እድፍ ካለበት ሌላ ነገር ነው የሚበቅልበት።”

“እድፍ?” አሉ እትዬ።

ብልቃጥ ቃሉን እንደዋዛ ነው የጣለችው። እትዬ ግን ስድብ አደረጉት። በሳቸው ቤት፣ በሳቸው ውሃ ታጥቦ የወጣ ዕቃ እድፍ አለበት ተባለ።

ብልቃጥ ዕቃዋን የምታጥበው ሳሙና በማይነካው መንገድ ነው። በተጣራ ውሃ ታለቀልቃለች፣ በአልኮል ታጥባለች፣ ደፍታ ታደርቃለች። እትዬ ይህን አይተው ለዓመታት ዝም ብለው ነበር፤ ሳሙና ያልነካው ዕቃ ታጠበ መባሉ ግን አንጀታቸው ገብቶ አያውቅም። ከዚያ ራት በኋላ በየማለዳው እሷ ሳትነሳ ይነሳሉ። ቢከሮቹን አንድ በአንድ የሐኪሞቹን ጋውን በሚያነጡበት ምርጥ የዱቄት ሳሙና ዘፍዝፈው ያሻሉ፤ በአንድ ውሃ አለቅልቀው፣ በዚያው ሳሙና በታጠበ ነጭ ጨርቅ ወልውለው፣ እንደነበረ ደፍተው ይመልሳሉ። ትንሽ የሳሙና ሽታ ከቀረበት ደስ ይላቸዋል። ለሳቸው ንጹሕ ማለት የሚሸት ነገር ነው። ለብልቃጥ ንጹሕ ማለት ምንም ያልቀረበት ነው። አንድ ቤት ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖሩ በዚህ ጉዳይ ተነጋግረው አያውቁም። ሽታው አይታወቃትም ወይ የሚል ካለ፣ እዚያ ቤት ትራሱም፣ መጋረጃውም፣ የብልቃጥ ጸጉርም ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው፤ የቱን ከየቱ ትለየው?

ሳይነግሯት መሥራታቸው ደግሞ ልማዳቸው ነው። ልጅ ሳለች የተቀደደ ካልሲዋን ሰፍተው መሳቢያ ውስጥ ይመልሱና፣ “ማን ሰፋው?” ስትል፣ “ራሱ ድኖ ይሆናል” ይሏት ነበር።

ቀናት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብልቃጥ አዲስ የበቀለ ልባስ አለቅልቃ፣ አድርቃ፣ ሐምራዊው መብራት ሥር አስቀመጠችው።

ሰማያዊ።

መብራቱን አጠፋችው። መልሳ አበራችው። ሰማያዊ ነው። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች፤ የካርቶን ድጋፉ ሸርተት ብሎ ሊጥላት ነበር። ሌላ አበቀለች። እሱም ሰማያዊ። ኃላፊው ተጠርቶ መጣ፤ አየ፤ እህም ማለት ራሱ ጠፋው። ሳይውል ሳያድር ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ፤ በመካከሉ የሰማያዊው ልባስ ፎቶ፣ ከላይ የሱ ስም፣ ከታች፣ እንደ ማተሚያ ቤት አድራሻ በደቃቅ ፊደል፣ የሷ።

ሰፈሩ ከወረቀቱ ቀድሞ ሰምቷል። እትዬ አንሶላ ባስረከቡበት ቤት ሁሉ፣ “ልጄ ብርሃን አበቀለች” እያሉ ነው የዋሉት። የራሳቸውን ድርሻ ግን አልተናገሩም፤ እድፉ በማን እጅ እንደጠራ እሳቸውና ሳሙናው ብቻ ያውቃሉ። ወንድሟ ይቅርታ መጠየቅ የማይሆንለት ሰው ነው፤ ስለዚህ የብልቃጥን ፍራሽ ተርትሮ በአዲስ ጥጥ ሞልቶ ሰፋላት። ተሸክሞ እያስገባ፣ “ማንቆርቆሪያውን ከእንግዲህ እንዳትነኩት፣ ወረፋ እየጠበቀ ነው” አለ። በዚያ ቀን እትዬ ሲስቁ ጥርሳቸው ስንት እንደጎደለ አየን።

ገምጋሚዎቹ የሚመጡበት ቀን እትዬ ነጩን ጋውን አንገትጌውን አስተካክለው ራሳቸው አለበሷት። ይህ ጋውን የእንግዳ ነው። በሥራ ቀን ብልቃጥ ጨለማ ክፍል ውስጥ የምትገባው በጥቁር ሹራብ ነው፤ የነጭ ልብስ ነጸብራቅ እንዳይረብሻት። ስለዚህ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ያ ጋውን ከዚያ መብራት ጋር ተገናኝቶ አያውቅም።

እንግዶቹ ከምሳ በኋላ ነው የሚገቡት። ጠዋት ኃላፊው ልምምድ እናድርግ ብሎ መጣ። በሩን ዘጉ፣ ሐምራዊውን አበሩ። ልባሱ ፈካ። ኃላፊው ሳቀ።

“አንቺም በራሽ እኮ” አላት።

ጎንበስ ብላ ራሷን አየች። እጅጌዋ፣ ኪሷ፣ አንገትጌዋ ሰማያዊ ሆኗል። በልብስ ሳሙና ውስጥ ነጩን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስል ቅመም አለ፤ ዓይን የማያየውን ብርሃን ጠጥቶ ሰማያዊ አድርጎ የሚተፋ። ይህንን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች፤ ለተማሪ አስተምራዋለች። እጅጌዋን ወደ ልባሱ አስጠጋችው። ጨርቁ የት እንዳለቀ፣ መስታወቱ የት እንደጀመረ አይለይም።

ኃላፊው ምን ሆነች ብሎ ቆሞ ሲያያት፣ የእጅጌዋን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራ ጨመቀችው። ጭማቂውን ከድሮዎቹ ብርቱካናማ ልባሶች በአንዱ ላይ ጠብ ጠብ አደረገች፤ ልባሱ እንደ ስፖንጅ መጠጠው። ማሞቂያው ላይ አደረቀችውና መብራቱ ሥር አስገባችው። ሰማያዊ። ከዚያ ያንን ፎቶ የተነሳውን፣ የተጨበጨበለትን ልባስ አንስታ በአልኮል ማጠብ ጀመረች። ባጠበችው ቁጥር ሰማያዊው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ከሥሩ ያ የምታውቀው ደብዛዛ ፍም ብቅ አለ።

“ሳሙና ነው” አለች።

“ምኑ?”

“ሰማያዊው። የአክስቴ ሳሙና ነው። ዕቃውን አጥባልኛለች።”

ኃላፊው በሩ መዘጋቱን ዞሮ አየ።

“እህም። ገምጋሚዎቹ ይህን ያውቃሉ?”

“ከየት ያውቃሉ?”

“እንግዲያው ልብስሽን አውልቂ።”

“አቤት?”

“ጋውኑን። ሹራብሽን ልበሺና ልባሱ ብቻውን ይብራ። ሌሎቹ ሰማያዊ ልባሶች በአልኮል አልታጠቡም፣ አሉ አይደል? እኔም ኮቴን እቆልፋለሁ” አለ፤ ሸሚዙ ነጭ ነበር። እየቆለፈም ነው የተናገረው።

“ሌላ አስር ሥሪ ቢሉኝስ?”

“ሳሙና ጠፋ እንዴ?”

ይህን ስትሰማ እምቢ ብላ ደረቷን ነፋች የሚል ሰው ካለ እሱም ወሬ ነው። ለወንድሟ እንደነገረችው የጋውኑን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ፈትታ ነበር። አንድ እጇን አውጥታለች። ወንበሮቹ ኮሪደር ላይ ተደራርበው በበሩ ስንጥቅ ይታያሉ። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ እጇን መልሳ አስገብታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች። ወንድሟ፣ “ለምን ግን?” ሲላት፣ “እትዬ ያስተካከለችው አንገትጌ ተጣመመብኝ” ነው ያለችው። ሌላ ምክንያት ጠይቆ አላገኘም፤ እኔም አላገኘሁም።

ገምጋሚዎቹ ምሳ የከበዳቸው ሰዎች ነበሩ። ተራ በተራ እየገቡ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ቆሙ። ብልቃጥ ሁለት ልባስ ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን አጠገባቸው ዘርግታ መብራቱን አበራች።

“ይሄ ሰማያዊው የልብስ ሳሙና ነው” አለች። “እጅጌዬ ላይ ያለው ያው ነው። የኔ ያኛው ነው።”

“የትኛው?” አለ ከፊት ያለው።

“ብርቱካናማው።”

ጎንበስ አለ። መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

“በርቷል እንዴ?”

“በርቷል።”

“አሃ” አለ። ከኋላ ያሉት በዳበሳ የክፍሉን መብራት ማብሪያ እየፈለጉ ነበር። ኃላፊው፣ “እህም፣ ልጅቷ ሰሞኑን ትንሽ ደክሟታል” ሲል ሰምታዋለች። እንግዶቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ ኮሪደሩ ላይ ያ ትልቅ ወረቀት አልነበረም፤ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ልጅቷ ሳሙና ቀብታ ልታታልል ነበር ተባለ፤ ኃላፊው በጊዜ ደረሰባት ተባለ። በዚያው ዕለት ወንበሮቹ ገቡ። ያውም ካርቶን የተደገፈውን በርጩማዋን አላወጡትም፤ የተሰበረ ስለሆነ ከነሱ ጋር ቆጠሩት።

ያን ቀን ቤት ስትገባ እትዬ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር፤ አብረዋቸው ጎረቤቱ ሁሉ።

“አሳየሻቸው?”

“አሳየኋቸው።”

“በራ?”

“በርቷል እትዬ።”

“ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?”

“ክፍሉን ወሰዱት።”

እትዬ ትንሽ አሰቡ። ብርሃኑ ከበራና ክፍሉ ከተወሰደ፣ በሳቸው ሂሳብ የሚገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው።

“ሰረቁሽ” አሉ።

ብልቃጥ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ቀና አላለችም፤ አልሰረቁኝምም አላለች። ጎረቤቱ ይህን ዝምታ እንደ መሐላ ተቀብሎ ተበተነ። ሻንጣውም፣ ፎቁም፣ የፈታሹ ዓይንም የበቀሉት ከዚያች ደጃፍ ነው፤ እነሱን ለማብቀል ማሞቂያ እንኳ አላስፈለገም። በማግስቱ ማለዳ እትዬ ቢከር ለማጠብ ሲነሱ ዘንቢሉ ባዶ ነበር። አልጠየቋትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም።

ወሬ እግሩ ረጅም ነው። እትዬ አንሶላ ከሚያጥቡላቸው ቤቶች አንዱ የበላይ አለቆች የሚያርፉበት ነበር። እትዬ የታጠፈውን ሲያስረክቡ ታሪኩንም አብረው ያስረክባሉ። ኃላፊው ለትልቅ ወንበር በታጨበት ሰሞን፣ ከላይ ያሉት ሰዎች፣ “ስለዚያ ስለሰረቅኸው ብርሃን ምንድን ነው የምንሰማው?” ብለው ጠየቁት አሉ። እንግዲህ በሕይወቱ ያልሠራውን ጥፋት ሲከሰስ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ የሠራቸውን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

በአንድ የዕረፍት ቀን፣ ፀሐይ ግቢውን ሞልታው ሳለ፣ ሰፈራችን መጣ። እትዬ አንሶላ አስጥተዋል። ቤቱ ጋ ለመድረስ በእርጥብ አንሶላ መካከል ማለፍ ነበረበት፤ አንዱን ሲገልጥ ሌላው ፊቱ ላይ ይለጠፋል። ጎረቤቱ ሁሉ ድንገት አጥሩ አጠገብ የሚሠራ ሥራ ተገኘለት። ወንድሟ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፍራሽ ይሰፋል። ብልቃጥ አጠገቡ ጥጥ ታፈታታለች።

“ደፍረው መጡ?” አሉ እትዬ።

“እህም። እናቴ፣ እኔ ምንም አልሰረቅኩም።”

“እሱማ ምን ሊሉ ኖሯል፣ ሰርቄያለሁ ሊሉ?”

ወደ ብልቃጥ ዞረ። “ሊሰጡኝ ያሉት ሹመት በዚህ ወሬ ተይዟል” አላት። “ስሚኝ፣ ወንበሮቹን ማስወጣት እችላለሁ። ክፍሉ እንዳለ ነው። የመስኮቱ ጥቁር ቀለም እንኳ አልተፋቀም። ሰኞ መግባት ትችያለሽ።”

ብልቃጥ እጇ ጥጡ ላይ ቆመ።

“ገንዳውስ?” አለች።

“ገንዳውም ይሠራል።”

“ብርቱካናማውንም ብሠራ?”

“የፈለግሽውን ሥሪ፤ ቀይ አረንጓዴ ብትዪ የሚጠይቅሽ የለም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እዚሁ፣ በሳቸው ፊት፣ በነዚህም ፊት” አለ ወደ አጥሩ እያሳየ፣ “ያ ብርሃን ምን እንደነበር ተናገሪ። አንድ ቃል ናት። ዋሺ አላልኩሽም፤ እውነቱን ነው።”

ይህንን ሲናገር እህም አላለም። ሁላችንም ልብ ብለናል።

ወንድሟ መርፌውን ፍራሹ ላይ ሰክቶ ተወው፤ እዚያ ግቢ ካሉት ነገሩን ከሷና ከኃላፊው ሌላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እትዬ የያዙትን እርጥብ አንሶላ ገመዱ ላይ ጣል አድርገው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ።

“ምንድን ነው የምትነግሪን ልጄ?” አሉ። “ተናገሪያ፤ ማንን ፈርተሽ ነው? እኔ አለሁ።”

ብልቃጥ መጀመሪያ የአክስቷን እጅ አየች። ቀጥሎ አንሶላዎቹን። ከዚያ ኃላፊውን ቀና ብላ አየችው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ ኮቱም አልተቆለፈም።

“ያን ቀን ጋውኑን አውልቄው ቢሆን ኖሮ” አለች፣ “ዛሬ እዚህ ግቢ ያለነው ሁላችንም ንጹሕ ነበርን።”

ከዚያ ሳሙና የምትለዋን ቃል ሳታወጣ ጥጧን ወደ ማፈታታት ተመለሰች።